«ፎሊክ አሲድ መቼ ልጀምር? ስቴም ሴልስ ልጄን ያድናታል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያ ልጅሽ ስፓይና ቢፊዳ (የጀርባ አጥንትና ህብለ ሰረሰር በደንብ ሳይዘጋ መወለድ) ይዛ ተወልዳ ጀርባዋ በቀዶ ሕክምና ተዘግቷል፣ ሻንትም (ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያፈስ ቱቦ) ተገጥሞላታል፣ አሁን 2 ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ለመውለድ አስበሽ ጤና ጣቢያ ብትጠይቂ «መጀመሪያ አርግዢና ነይ፣ ክኒኑ ያኔ ይሰጥሻል» አሉሽ፤ ክኒኑ ፎሊክ አሲድ የሚባለው የቢ ቫይታሚን ነው። አሜሪካ ያለችው እህትሽ ደግሞ ይህ በሽታ በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ በሚችል ሴል) መታከም ጀምሯል ስላለችሽ ልጅሽን ለመላክ ገንዘብ እያሰባሰብሽ ነው። ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ።

1. «አርግዢና ነይ» የሚለውን ምክር ተዪው። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ከመጨረሻው የወር አበባ ሲቆጠር 6ኛው ሳምንት ላይ ማለት ነው። የወር አበባሽ ቀርቶ፣ ሁለት ሳምንት ታግሰሽ፣ ተመርምረሽ «አዎ» እስክትባዪ ድረስ ነገሩ አልቋል። ብዙዋ እናት ደግሞ ክትትል የምትጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያኔ የሚሰጣት ክኒን ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለልጁ ጀርባ ግን ዘግይቷል። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ አንድ ልጅ እንደዚህ ሆኖ የተወለደባትን እናት ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊጠራት የሚገባው ቢሮ «በኋላ ነይ» ብሎ ይመልሳታል። አዲስ አበባ ውስጥ በማስተማሪያ ሆስፒታሎች በተሠራ ጥናት ከ10,000 ወሊድ ከ60 በላይ የዚህ ቱቦ አለመዘጋት ችግር ታይቷልና ብርቅ ነገር አይደለም።

2. መጠኑ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ ላልወለደች ሴት በቀን 0.4 ሚሊግራም ይበቃል። ላንቺ አይበቃም። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በ7 አገሮች 33 ማዕከላት የተካሄደው የእንግሊዞቹ ጥናት ልክ እንዳንቺ ያሉትን እናቶች ነበር የተከታተለው። በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ከተሰጣቸው 593 እናቶች ችግሩ የተደገመባቸው 6 ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው 602 ውስጥ 21 ናቸው። 72 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የ5 ሚሊግራም ክኒን ስለሆነ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ እሱን በቀን አንድ ያዝልሻል። ቢያንስ ከመፀነስሽ አንድ ወር በፊት፣ ቢቻል ሦስት ወር በፊት ጀምረሽ እስከ 12ኛው ሳምንት ትቀጥዪና ከዚያ ወደ መደበኛው መጠን ትወርጃለሽ።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ጥምር ክኒን 60 ሚሊግራም አይረን እና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ነው። «እሱን አሥር ብወስድስ?» የሚሉ አሉ። አይሆንም! 600 ሚሊግራም አይረን ይመርዝሻል። መልቲቫይታሚን ደራርቦ መዋጥም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ፅንስ ይጎዳል። ሌላው ስህተት ማሸጊያው ላይ «400» አይቶ ከ5 ይበልጣል ማለት ነው። 400 ማይክሮግራም ማለት 0.4 ሚሊግራም ነው፤ ከምትፈልጊው ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል።

ጎመንና ምስር ብዪ፣ ግን በምግብ ብቻ እዚህ መጠን ላይ አይደረስም። በፋብሪካ ዱቄት ላይ የሚጨመረውም ቢሆን ጤፍ በሰፈር ወፍጮ ለሚያስፈጭ ቤት አይደርስም። ጾም የምታጠብቂ ከሆነ ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ቢ12 አስለኪ። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ካነሰሽ ብዙ ፎሊክ አሲድ የደም ማነሱን ይሸፍነውና የነርቭ ጉዳቱ ተደብቆ ይቀጥላል።

3. የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ቫልፕሮኤት ከወሰድሽ ሳታረግዢ ለነርቭ ሐኪምሽ ንገሪ፤ ይቀየርልሽ። በራስሽ ግን አታቋርጪ። ስኳር ካለብሽም አስቀድመሽ አስተካክዪው።

4. ስቴም ሴሉ። እህትሽ የሰማችው እውነት ነው፣ ግን ላንቺ ልጅ አይደለም። ሳክራሜንቶ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የተጀመረ ሙከራ ነው። ከእንግዴ ልጅ የተወሰዱ ሴሎች በቀጭን ንጣፍ ላይ ይደረጉና፣ እናትየው እርጉዝ ሳለች ማኅፀኗ ተከፍቶ በፅንሱ ህብለ ሰረሰር ላይ ይለጠፋሉ፤ ከዚያ ጀርባው ይዘጋል። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ በኋላ የተጋለጠው ነርቭ በእንሽርት ውሃውና በመፋተግ እየተበላ ስለሚሄድ፣ ሐሳቡ ከዚህ ሁለተኛ ጉዳት ማዳን ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ላይ ያ ጊዜ አልፏል። ለተወለደ ልጅ በመርፌ ስቴም ሴል እንሰጣለን የሚሉ፣ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ክሊኒኮች አሉ። ይህን በሽታ እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር በእጃቸው የለም። የጥናት ምዝገባ ቁጥራቸውን ጠይቂ፤ «ጥናት ነው» እያሉ ሙሉ ዋጋ ካስከፈሉሽ ራቂ። ያ ገንዘብ ለካቴተር (ለሽንት ማውጫ ቱቦ)፣ ለፊዚዮቴራፒ፣ ሻንቱ ሲደፈን ለሚደረግ ድንገተኛ ሕክምና ይሁን። ልጅሽ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ከወትሮው በላይ ከተኛች፣ ዓይኗ ወደ ታች ከወረደ ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት።

ለሚመጣው እርግዝናስ? ያለ ስቴም ሴል በማኅፀን ውስጥ ጀርባን መዝጋት ራሱ ይሠራል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ጥናት ከመወለዱ በፊት ከተሠራላቸው 40 በመቶው፣ ከተወለዱ በኋላ ከተሠራላቸው ደግሞ 82 በመቶው ሻንት እንደተገጠመላቸው አሳይቷል። ዋጋ አለው፦ ብዙዎቹ ያለ ጊዜያቸው ተወልደዋል፣ እናትየውም ያንን ልጅም ሆነ ከዚያ በኋላ የምትወልዳቸውን ሁሉ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው። ከ26ኛው ሳምንት በፊት መሠራት ስላለበት ችግሩን ዘግይቶ ያወቀ ሰው በሩ ተዘግቶበታል። ስለዚህ አልትራሳውንዱን ከ11 እስከ 14 ሳምንት አንዴ፣ ከ18 እስከ 20 ደግሞ አንዴ ተነሺ። ለሚያነሳሽ ባለሙያ «የመጀመሪያ ልጄ ስፓይና ቢፊዳ ነበረባት» ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ። የጭንቅላቱ ፊት ለፊት ሎሚ መምሰሉን፣ ትንሹ አንጎል ሙዝ መስሎ መጠምዘዙን እንዲያይልሽ ጠይቂ፤ ጀርባው ላይ ያለው ክፍተት በቀላሉ ባይታይም እነዚህ ይጠቁማሉ። «ደህና ነው» ብቻ ብሎ ቢሸኝሽ ምን ምን እንዳየ በጽሑፍ አስጽፊ።

ለጊዜው እርግዝና መከላከያሽን እንዳታቆሚ፤ መጀመሪያ ክኒኑን ጀምሪና ቢያንስ ያ አንድ ወር ይለፍ። ስትገዢ ስትሪፑ ላይ «5 ሚ.ግ» መባሉን አይተሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።