ምክር ቤቱ በዕጣ የተያዘበት ቀን

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ለፕሬዚዳንት መርጫለሁ፤ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ግን መርጬ አላውቅም። ባለቤቴ «ምክር ቤቱን የያዘው ፓርቲ ራሱ የምርጫ ክልሉን ያሰምራል፣ ራሱ ሕጉን ያወጣል፤ የ97ቱን አይተን መጥተን እዚህ ደግሞ በካርታ እንሸወድ?» ይላል። መልስ አጣሁለት። እውነት አንድ ድምፅ ዋጋ አለው? ሌላው፣ እናቴም ዜጋ ሆናለች፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። አብሬያት ገብቼ ብረዳት ችግር ያመጣብኛል?
ኤስ.

መልስ፦ እህቴ፣ የባለቤትሽን ጥርጣሬ በቀላሉ አላየውም። እኔም በ97 ግንቦት ገና ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈው ከመረጡት አንዷ ነኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐዘን ዛሬም ሲወራ ልቤን ይከብደዋል። ስለዚህ «ዝም ብለሽ ምረጪ» አልልሽም። ይልቅ አንቺ ካለሽበት ግዛት አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የቨርጂኒያ ታችኛው ምክር ቤት 100 ወንበር አለው። በኖቬምበር 2017 ምርጫ ዴሞክራቶች ከ34 ወንበር ተነስተው 49 ደረሱ። ሪፐብሊካኖች 50 ያዙ። የቀረችው አንዲት ወንበር ነበረች፣ የኒውፖርት ኒውሷ 94ኛ ክልል። እዚያ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ እየመሩ ነበር። ዲሴምበር 19 ድጋሚ ሲቆጠር ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ 11,608 ለ11,607 አሸነፉ ተባለ። በአንድ ድምፅ!

በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። መራጩ የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ክብ በብዕር አጥቁሯል። በሳይመንድስ ክብ ላይ ደግሞ አንዲት ሰያፍ ጭረት አለች። ሰርዞት ነው ወይስ እጁ አምልጦት? በቆጠራው ዕለት ወረቀቷ ለማንም ሳትቆጠር ቀርታ ነበር። ዳኞቹ ግን ቀሪውን ተመለከቱ፤ መራጩ ሌሎቹን ቦታዎች ለሪፐብሊካን እጩዎች ስለሰጠ ድምፁ የያንሲ ነው ብለው ወሰኑ። 11,608 ለ11,608።

የግዛቱ ሕግ ደግሞ እኩል ከሆነ ዕጣ ይጣል ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ የሁለቱ ስም በወረቀት ተጽፎ፣ እያንዳንዱ ትንሽ የፎቶ ፊልም መያዣ ውስጥ ገብቶ፣ ከሥነ ጥበብ ሙዚየም በተዋሱት የሸክላ ሳህን ውስጥ ተጨመረ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጃቸውን ሰደዱና አንዱን አወጡ። ያንሲ! ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው አፈ ጉባኤነቱንም ኮሚቴዎቹንም ያዙ። ዕጣው ለሳይመንድስ ቢወጣ 50 ለ50 ይሆን ነበር።

እስቲ አስቢው። ያን ዕለት ከማታ ፈረቃ ወጥታ «ደክሞኛል፣ የኔ ድምፅ ምን ያመጣል» ብላ የተኛች አንዲት መራጭ በዚያ ክልል ውስጥ ብትኖር፣ ያንን ሳህን ማንም አይዋሰውም ነበር።

አንድ ወንበር በኑሯችን ላይ ምን ያደርጋል ካልሽኝ ሜዲኬይድን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ ተመልከቺ። ምክር ቤቱ ለዓመታት አይስፋፋም ብሎ ዘግቶት ቆየ። የ2017ቱ ምርጫ ሪፐብሊካኖቹን ወደ 51 ሲያወርዳቸው አንዳንዶቹ ራሳቸው ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ በ2018 ሕጉ ወጣ፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ኢንሹራንስ ያልነበራቸው ስንት ወገኖቻችን ሐኪም ያዩት ከዚያ በኋላ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ልብ በይ፣ ምክር ቤቱ ከአንድ ፓርቲ ወደ ሌላው አልተላለፈም። ልዩነቱ ስለጠበበ ብቻ ነው በሩ የተከፈተው።

እኔን ከዕጣው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ያቺ ወረቀት መኖሯ ነው። ከምርጫው ሁለት ወር በፊት፣ በሴፕቴምበር 2017፣ ቨርጂኒያ ወረቀት የማያስቀሩትን በጣት የሚነኩ ማሽኖች በሙሉ ከአገልግሎት አወጣች። ቸኩለው ነው ያደረጉት፣ የምርጫ ሠራተኞቹም ተጨንቀዋል። ባይደረግ ኖሮ ግን እነዚያ ማሽኖች በነበሩባቸው ከተሞች «እንደገና ይቆጠር» ማለት ያው ማሽኑ የተናገረውን ቁጥር ደግሞ ማንበብ ነበር። ሰው የጻፈው ወረቀት ሲኖር ዳኛ ያየዋል፣ ሁለቱም ፓርቲ ያየዋል፣ ይከራከሩበታል። በውሳኔው ባልስማማ እንኳ ምን ላይ እንዳልተስማማሁ አውቃለሁ። በ97 የጎደለን ይሄ ነበር፤ የተጣላንበትን ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አብሮ ማየት።

አሁን ወደ ካርታው። እዚህ ላይ ባለቤትሽ እውነት አለው። በ2011 ሪፐብሊካኖች የያዙት ምክር ቤት የራሱን ክልሎች ራሱ አሰመረ። በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት 11 ክልሎች ጥቁር መራጮችን በዘራቸው ሰብስበው ያጨቁ ናቸው ብሎ ጣላቸው። ምክር ቤቱ ይግባኝ ቢልም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2019 አቤቱታውን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት በተስተካከለው ካርታ ተመረጠ፣ ሳይመንድስ ያንሲን አሸነፉ፣ ዴሞክራቶች 55 ለ45 ያዙ። በ2020 ሕዝቡ የማስመሩ ሥራ ለኮሚሽን ይሰጥ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ስምንት የምክር ቤት አባላት፣ ስምንት ተራ ዜጎች። እውነቱን ለመናገር ኮሚሽኑ በ2021 ተጨቃጭቆ መስማማት አቃተው። ካርታውን ያወጣው የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ውጤቱስ? በ2021፣ ገና በ2019ኙ ካርታ፣ ሪፐብሊካኖች 52 ለ48፤ በአዲሱ ካርታ በ2023 ዴሞክራቶች 51 ለ49፣ በ2025 ደግሞ 64 ለ36። ወንበሩ እየተቀያየረ ነው።

ይህን ስልሽ አንዱ ፓርቲ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። በ2025 የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች በየአሥር ዓመቱ የሚሰመረውን የኮንግረስ ካርታቸውን ጊዜው ሳይደርስ ቀየሩ፣ የካሊፎርኒያ ዴሞክራቶች ደግሞ ያንን ለማካካስ የራሳቸውን ካርታ ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው አስጸደቁ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። የምደግፈው ፓርቲ ሲያደርገው ዝም ካልኩ፣ ሌላው ሲያደርገው የምጮኸው ለድምፅ ክብር ሳይሆን ለወንበር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ሆነሽ ልታደርጊው ትችያለሽ። በዚያው በ2017 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ 147 መራጮች ቤታቸው በስህተት በሌላ ክልል ተመዝግቦ የማይመለከታቸው ወረቀት ተሰጣቸው። በ28ኛው ክልል በድጋሚ ቆጠራ የተገኘው ልዩነት 73 ብቻ ነበር። ምርጫው ይደገም ቢባልም አልተደገመም። ኮሮጆ የነካ ሌባ አልነበረም፤ የአድራሻ ስህተት ነው፣ ጉዳቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቤት ከቀየርሽ ምዝገባሽን አድሺ፣ የስንተኛ ክልል ነዋሪ እንደሆንሽ በግዛቱ የምርጫ ድረ ገጽ ላይ እዪ፤ ወረቀቱን ሲሰጡሽም ክብ ከማጥቆርሽ በፊት የክልሉን ቁጥር አንብቢ። ከተሳሳትሽ አትሰርዥ። መልሺላቸው፣ አዲስ ይሰጡሻል። ያቺን ሰያፍ ጭረት አስታውሺ።

ስለ እናትሽ፦ ምንም ችግር የለውም። የአሜሪካ የድምፅ መብት ሕግ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ የሚፈልገውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ረዳቱ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው መሆን ብቻ ነው የማይችለው። አንቺ ልጇ ነሽ፣ ትችያለሽ። አማርኛ ሕጉ ወረቀት እንዲተረጎምባቸው ከሚያስገድድባቸው ቋንቋዎች ውስጥ ስለሌለ የአንቺ መግባት ትልቅ ነገር ነው። ፎርም ያስሞሉሻል፣ ስምሽን ታሰፍሪና ትፈርሚያለሽ። ስሞቹን አንብቢላት፣ እሷ ያለችውን አጥቁሪ። «ይሄኛው ይሻላል» እንዳትያት አደራ! ብታማክርሽ ቤት እያላችሁ ተወያዩ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጇ። ዕድሜዬ 68 ነው፣ ፎልስ ቸርች እኖራለሁ። ወረቀቱን ያ ማሽን ከዋጠው በኋላ ማን ያየዋል? ልጆቼ «አባባ አትጠራጠር» ይሉኛል፤ ማንም ግን አላስረዳኝም።
ከአክብሮት ጋር፣ ጂ.

መልስ፦ ጋሼ፣ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ሁለት ጊዜ በምርጫ አስፈጻሚነት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርዎ። ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ሳይከፈት ማሽኑ ረጅም የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ የመሰለ ወረቀት ያወጣል፣ የሁሉም እጩ ቁጥር ዜሮ መሆኑን እናያለን። ማታ 1 ሰዓት ሲዘጋ ውጤቱን በዚያው ዓይነት ወረቀት ያትማል። በመዝገቡ ላይ የተመዘገበው መራጭና ማሽኑ የተቀበለው ወረቀት ብዛት ይነጻጸራል። አንድ ማታ ሁለቱ በአንድ ተለያዩብን። እግራችን አብጦ፣ ቤተሰብ እየደወለልን፣ ከሌላኛው ፓርቲ ከመጡት ሴትዮ ጋር ጎን ለጎን ቆመን ሦስት ጊዜ ቆጠርን። ለካስ አንድ ሰው ከተመዘገበ በኋላ ወረቀቱን መልሶ ሳይመርጥ ሄዷል፣ በማስታወሻው ላይ ተጽፎ ተገኘ። ያኔ ሁላችንም ፈረምን። ወረቀቶቹ በታሸገ ሣጥን ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዱ። የፓርቲዎቹ ታዛቢዎችም እዚያው ቆመው ያዩ ነበር።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ እርስዎም ይሥሩት። በቨርጂኒያ የተመዘገቡ መራጭ ከሆኑ ለከተማዎ የምርጫ ቢሮ ያመልክቱ፤ ሥልጠና ይሰጣሉ፣ የቀኑንም ይከፍላሉ። ቀኑ ረጅም ነው፤ ምሳዎንና ምቹ ጫማ ይዘው ይሂዱ።