የውሻሽን ሐሞት ከረጢት በተመለከተ፣ እኔ ከቡቺ ጋር ያየሁት

እህቴ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የ9 አመት ውሻሽ በአልትራሳውንድ ታይቶ ሐሞት ከረጢቱ ታሟል፣ ይውጣ ተብለሽ "እድሜው ገፍቷል ቢላ ይችላል ወይስ በመድኃኒት እያስታመምኩት ልቆይ፣ ከዛስ ማገገሙ እንዴት ነው" ነው ያልሽው። አንቺ ባህር ዳር እኔ ማርቆስ ነኝ፣ የኔ ቡቺ አምና በ10 አመቱ ይሄንኑ ኦፕራሲዮን ተደርጎ አሁን ይሄን ስጽፍ በሩ ላይ ተጋድሟል። ሐኪም አይደለሁም፣ ያየሁትንና ሐኪሞቹ ያስረዱኝን ነው የምነግርሽ።

እኔን የጎዳኝ መዘግየቴ ነው። መጀመሪያ ምግብ መተው ጀመረ፣ ከዛ ጠዋት ጠዋት ቢጫ አረፋ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ስነካው ይሸሻል። መጀመሪያ የወሰድኩት ቦታ ደሙን እንኳን ሳያዩ የትላትል መድኃኒትና አንቲባዮቲክ እየሰጡ ሁለት ሳምንት አመላለሱኝ፣ ጎረቤት ደሞ ነጭ ሽንኩርት ስጪው ይሻለዋል አለችኝ፣ ሰጠሁት፣ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚያፈርስ የሰማሁት በኋላ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ላይ ተኝቶ ሳሻሸው ጆሮው ተገለበጠና ውስጡ እርድ የተቀባ መሰለኝ። የአይኑን ነጭ ገልጬ ሳይ ቢጫ፣ ድዱ ቢጫ፣ ሽንቱ ሲሚንቶው ላይ ብርቱካን ቀለም ጥሎ ደርቋል። ሰው ላይ የወፍ በሽታ የምንለው ማለት ነው። እዛ ድረስ መጠበቅ አልነበረብኝም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሐኪምሽን "ሙኮሲል ነው ወይስ አተላ ብቻ ነው" ብለሽ ጠይቂልኝ። ከረጢቱ ስር የዘቀጠ አተላ ብቻ ከሆነ ብዙ ያረጁ ውሾች ላይ ይታያል፣ ብዙ ጊዜ እየተከታተሉ ማቆየት ይቻላል። ሙኮሲል ግን ሌላ ነው፣ ሐሞቱ ረግቶ ዝልግልግ የሚሆንበት ነው። ጤነኛ ሐሞት ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ጉበት ይሰራዋል፣ ከረጢቱ ያጠራቅመዋል፣ ቅባት ሲበላ ወደ አንጀት ይለቀዋል። የቡቺን ካወጡት በኋላ ቀደው አሳዩኝ፣ ልክ ሲዘፈዘፍ ያደረ ተልባ፣ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ፣ በመቆንጠጫ ሲይዙት እንኳን አይፈስም ተያይዞ ይነሳል። አልትራሳውንዱ ላይ ደሞ መሃል ለመሃል የተቆረጠ ኪዊ የሚባለውን ፍሬ ነበር የሚመስለው። ይሄ ነገር እየጨመረ ከረጢቱን ይወጥረዋል፣ ግድግዳው ይሞታል፣ ይፈነዳል፣ ሐሞት ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ከፈነዳ በኋላም የሚድን አለ ግን ከዛ በፊት መግባትና ከዛ በኋላ መግባት በጣም ይለያያል። ሐሞት እንዲፈስ የሚረዳውን ኡርሶ የሚባለውን መድኃኒት የሰው ፋርማሲ ውስጥ ስላለ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ፣ የሐሞት ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከሆነ አይሰጥም ብለውኛል። እድሜውን ብቻ አይተሽ አትፍሪ፣ የጉበት ምርመራውን፣ ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን፣ ደሙ መርጋት አለመርጋቱን ይዩለት፣ ታይሮይድና ኩሺንግ የሚባሉትንም የሆርሞን ችግሮች ይመርምሩለት ምክንያቱም ከዚህ በሽታ ጋር አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

እኔ አዲስ አበባ ነው ያሰራሁት። ከማርቆስ 300 ኪሎሜትር ነው፣ ካንቺ ይብሳል፣ ስለዚህ መንገዱን ጠይቀሽ ሌሊት ተነሺ። እኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥተን አባይ በረሃን ፀሐይ ሳይከር አለፍነው፣ እርጥብ ፎጣ ስሩ አንጥፌለት ደጀንን ስንወርድ ጭንቅላቱ ጉልበቴ ላይ ነበር። ሐሞት ካልወረደ ቫይታሚን ኬ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም፣ ያ ከሌለ ደም አይረጋም፣ ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቫይታሚን ኬ ወጉትና ግሉኮስ ተደርጎለት አደረ። ክሊኒክ ስትመርጪ ከማሽኑ በላይ "ማታ አብሮት የሚያድር ሰው አላችሁ ወይ" ብለሽ ጠይቂ፣ አስጊው የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀን ነው፣ ሐሞት ሊያፈስ ይችላል፣ ቆሽት ወይ ፓንክሪያስ የሚሉትም ሊቆጣ ይችላል።

ቡቺ ሶስት ሌሊት እዛው አደረ፣ ከዛ ወዲያው አላመጣሁትም፣ እህቴ ቤት አንድ ሳምንት ቆየን። በሁለተኛው ቀን ነው መጀመሪያ የቀመሰው፣ ቆዳው የወጣ የዶሮ ደረት ቀቅዬ እንደ ፍርፋሪ ሸርክቼ መዳፌ ላይ ይዤለት ዝም ብሎ አሸተተው፣ ዞር አለ፣ ተመልሶ አንዷን ብቻ በምላሱ አነሳት። እኔ አለቀስኩ። ከዛ በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ ዶሮና ሩዝ፣ ያለ ዘይት ያለ ጨው። ስፌቱን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚጠለቀውን ኮን ጠላው፣ የልጅ ካናቴራ ጀርባው ላይ ቋጥሬ አለበስኩት፣ እሱን ተቀበለው። ሽንት ለመሽናት ብቻ በገመድ፣ ደረጃ በእቅፍ። ለህመሙ ሐኪሙ ያዘዘውን ብቻ ስጪው፣ አይቡፕሮፌን ውሻን ይገድላል። ስፌቱን በ12ኛው ቀን እዚሁ ማርቆስ ፈቱለት።

መልሶ ማስመለስ፣ ሆዱ መነፋት፣ ትኩሳት፣ ድዱ መንጣት ወይ ተመልሶ ቢጫ መሆን ካየሽ ሳይነጋ ለሐኪሙ ደውዪ። ሰገራው ነጭ አፈር መስሎ ከነጣም ሐሞቱ አልወረደም ማለት ነው።

ያለ ከረጢቱ ይኖራል፣ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ጠብ ጠብ እያለ አንጀት ይገባል፣ ቅባት ግን ለዘላለም ቀረ። ፈተናው ፋሲካ ነው፣ ቤቱ በቅቤ ሲሸት እንግዳው ሁሉ ጮማ ሊወረውርለት ይፈልጋል። እኔ ጓዳ ዘግቼበት ዶሮውን ለብቻ ቀቅዬለት ነው ያሳለፍነው፣ ወጥ የነካ እንጀራም አልሰጠውም፣ ሽንኩርት አለበት።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ብርሃን ላይ ጆሮውን ገልበጥ አድርገሽ እዪውና ቀለሙን ንገሪኝ። የአልትራሳውንዱንም ወረቀት ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው።