እንግሊዝ ውስጥ ከኢሊ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ቤት ልትገዛ ለጠየቀችው እህት

ሰላም እህቴ። «የለንደን ኪራይ አላስቆም አላስቀምጥ አለን፤ ከኢሊ ወጣ ብላ ባለች መንደር ባለ 3 መኝታ ቤት በ280 ሺህ ፓውንድ አይተን ወደነዋል። ምን እንጠንቀቅ? ሐበሻ የሌለበት መንደርስ ይኖራል ወይ?» ያልሽውን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። የተሰጡሽን መልሶችም አነበብኩ። ሁሉም «ክሬዲታችሁን አስተካክሉ፣ ሞርጌጅ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ» ነው የሚለው። እሱንማ ባንኩ ራሱ ይነግርሻል። እኔ የገዛሁት እዚያው ፌንስ (ኢሊ ዙሪያ ያለው፣ ውሃው ተቀድቶ የደረቀ ዝቅተኛ የእርሻ ምድር) ውስጥ ነው፤ የእናንተም ነገር ቁርጥ የእኛን ስለሚመስል ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ።

1. አዲስ አበባ በስማችሁ ኮንዶሚኒየም አለ? ካለ ዛሬውኑ ሒሳቡን ሥሩ። የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው እስከ 300 ሺህ ፓውንድ ድረስ ስታምፕ ዲዩቲ (የቤት ግዢ ግብር) አይከፍልም የሚባለው እውነት ነው። ግን «የመጀመሪያ» የሚሉት በዓለም ላይ የትም ቦታ ቤት ኖሮት የማያውቀውን ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ካላችሁ ነፃነቱ ቀረ። የዚያ ቤት ግምት 40 ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ሌላ 5 በመቶ ይጨመርባችኋል፤ ባልና ሚስት የሚታዩት እንደ አንድ ሰው ነው። በ280 ሺህ ቤት ላይ ዜሮ የነበረው ግብር 18 ሺህ ፓውንድ ሆኖ ቁጭ ይላል። «እናቴ እኮ ናት የምትኖርበት» ብትዪ ሰሚ የለሽም።

2. የዕቁብ ብር ካላችሁበት ወረቀቱን ከአሁኑ አዘጋጁ። ሶሊሲተሩ (የቤት ግዢውን የሚያስፈጽምልሽ ጠበቃ) ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ በሱ አልከፋም። የከፋኝ አጠያየቃቸው ነው። አንዲት ልጅ ከቢሮው ደውላ «እነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘብ የሚልኩልህ ለምንድን ነው?» ስትለኝ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘች ነበር የምትመስለው። አስረዳኋት። «ታዲያ ብድር ነው?» አለች። አይደለም። «ስጦታ ነው?» አይደለም! የራሴን ብር ነው የምቀበለው። መጨረሻ ላይ የዕቁባችን ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝርና የየዙሩን መዋጮ ጽፎ ፈረመልኝ፤ እኔም በየወሩ የከፈልኩትን ከባንክ ስቴትመንቴ ላይ አስምሬ ላክሁላቸው። ዝም አሉ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም፤ ሒሳባቸውን ሲልኩ የስልኩንም ሰዓት አስበውበታል።

3. ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው? እኛን ሊበላን የነበረው ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ልበልብሽ። ለንደን ሽንት ቤቱን ለቅቀሽ ትወጫለሽ፤ የቀረው የውሃ ድርጅቱ ጣጣ ነው። ፌንስ ውስጥ ግን ከመንደሩ መሀል ራቅ ካለ ብዙው ቤት እንደ አገራችን የራሱ ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። ታንክ መሆኑ በራሱ አያስፈራም። ጥያቄው ከታንኩ የሚወጣው ውሃ የት ይገባል ነው። በቀጥታ ወደ ቦይ ወይም ወንዝ መልቀቅ ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አስተካክሉ ተብሎ ነበር። ያላስተካከለ ባለቤት ግን አይጠፋም፤ ቤቱን ይሸጥና ዕዳውን ለገዢው ያወርሳል።

ቤቱን ልናይ የሄድን ዕለት ኤጀንቱ (ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ) አዲሱን ኩሽና እያሞገሰ ሳለ ባለቤቴ ወደ ጓሮ ወጥታ ጠፋች። ብፈልጋት ከአጥሩ ማዶ ያለው ቦይ ላይ አጎንብሳ ቆማለች። ከሳማው ሥር የአሮጌ ቱቦ አፍ ብቅ ብሏል፣ ግራጫ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ነጭ ዝቃጭ ለብሷል። ሽታውን ተይው። ኤጀንቱን ስንጠይቀው ፈገግ ብሎ «ገጠር አይደል? የከብት ሽታ ነው፣ ትለምዱታላችሁ» አለን። እኔ እኮ ጎጃም በረት ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ! ደግሞ በዚያ ሜዳ ላይ ዓይንሽ እስኪደክም ብታዪ ስኳር ቢትና ድንች ነው እንጂ አንዲት ላም የለችም።

ሻጩ የሚሞላው ቅጽ ሲመጣ ስለ ፍሳሽ ከተጠየቀው ግማሹ «አላውቅም» ይላል። ሃያ ዓመት የኖረበትን ቤት! ቤቱን የሚመረምረው ሰርቬየርም (ሌቭል 3 የሚባለውን ዝርዝሩን ምርመራ ነው ያስደረግነው፣ ለአሮጌ ቤት ከሱ እንዳታንሺ) የታንኩን ክዳን አልከፈተም፤ «ባለሙያ አስመርምሩ» ብሎ አለፈው። ስለዚህ የፍሳሽ ባለሙያ ለብቻው ቀጠርን። ካሜራ አስገብቶ አየውና ያው ባለቤቴ ያለችው ሆነ፦ በቀጥታ ወደ ቦዩ ነው የሚገባው። መሬቱ ውሃ አዘል ስለሆነ ወደ አፈር ማስረግም አይሆንም፤ አነስተኛ ማጣሪያ መትከል ግድ ነው። የተሰጠን ዋጋ 14 ሺህ ፓውንድ ነበር።

ይቀነስልን አልን። ኤጀንቱ «ሌላ ገዢ ደጅ ላይ ቆሟል» ብሎ ማስፈራራት ጀመረ። ኤጀንት የሻጩ ሰው ነው፣ ይሄን አትርሺ፤ ሻይ ቢጋብዝሽም የሻጩ ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ውል ተፈርሞ እስኪለዋወጡ ድረስ ሻጩም ገዢውም አይታሰሩም። እንግዲያው ሻጩ ሌላ ገዢ የመፈለግ መብት እንዳለው ሁሉ እናንተም ጥላችሁ የመሄድ መብት አላችሁ ማለት ነው። የባለሙያውን ሪፖርት በጽሑፍ ላክንላቸውና አፋችንን ዘጋን። ያ ሌላ ገዢ የተባለው ሰው እስከ ዛሬ አልታየም፤ ሻጩ 11 ሺህ ቀነሰ። ባለቤቴ አሁንም እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች፣ ታውራ፣ ይገባታል።

መሬቱን ካነሳሁ አይቀር፣ የፌንስ ጥቁር አፈር ውሃው ሲቀዳለት ይሟሽሻል፣ መሬቱም ዝቅ ይላል። ሆልም ፌን የሚባል ቦታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጫፉ ከአፈሩ እኩል ሆኖ የተቀበረ የብረት ምሰሶ አለ፤ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ወጥቶ ቆሟል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ወይም ቀለሙ ትናንት የተቀባ ከመሰላችሁ፣ ሰርቬየሩን በስም ጠርታችሁ ጠይቁት።

ስለ ኑሮው፦ ይኖራል። የጋዝ መስመር ስለሌለ ቤታችንን የምናሞቀው በነዳጅ ዘይት ነው። አብዛኛው ሻጭ ከ500 ሊትር በታች አያመጣም፣ መንግሥት በጋዝና በመብራት ላይ ያደረገው የዋጋ ጣሪያም ዘይትን አይመለከትም። ግን መንደሩ ተሰባስቦ በጅምላ ያዝዛል። አስተባባሪው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ደብተር ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ ቁጭ የዕቁብ ዳኛ ናቸው። እኛን ያስገቡን በገባን በመጀመሪያው ክረምት ነው። ጎረቤት ሰላም ይልሻል፣ ፖስታሽን ይቀበልልሻል፣ ሳትደውዪ ግን በሩን አታንኳኪ። ሁለታችሁም መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ግን አትምጡ፤ የእኛ የመጨረሻ አውቶቡስ ገና በጊዜ ነው የሚያልፈው። ልጆች 8 ዓመት ካለፋቸውና ቅርብ የሚባለው ትምህርት ቤት ከ3 ማይል በላይ ከራቀ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በነፃ ያመላልሳል፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም። እንጀራ በየሁለት ሳምንቱ ከለንደን እናስመጣለን፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌሊት እንነሳለን።

ሻጩ የሞላው ቅጽ ሲደርስሽ ስለ ፍሳሽ የሚጠይቀውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ ባለቤቴ ታየዋለች።