ያልጠራ ውጤት ይዤ ስብሰባ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የሁለተኛ ዲግሪ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የምሠራው ዚዮላይት ኤ በሚባለው፣ በጣም ደቃቅ ቀዳዳዎች ባሉት ክሪስታል ላይ ነው፤ መነሻዬም ካኦሊን የተባለው ነጭ ሸክላ አፈር ነው። አማካሪዬ በዚዮላይት ተመራማሪዎች ቀጣናዊ ስብሰባ ላይ ፖስተር እንዳቀርብ አስመዝግቦኛል። ናሙናዬ ግን አንዳንዴ ንጹሕ ይወጣል፣ አንዳንዴ ሶዳላይት የሚባል ሌላ ክሪስታል ይቀላቀልበታል። ይህን ይዤ ሰው ፊት ከምቆም ብቀር አይሻልም? ደግሞስ ሁሉም ነገር ጆርናል ላይ ካለ እዚያ ሄጄ ምን አገኛለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሂጂ። ያልጠራውንም ናሙና ከፖስተሩ እንዳታወጪው።

ያስጨነቀሽን ነገር ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ጄሉ፣ ማለትም ካኦሊኑ ከኮስቲክ ሶዳና ከውሃ ጋር የተዋሐደበት ድብልቅ፣ ሲሞቅ መጀመሪያ ዚዮላይት ኤ ይፈጠራል። ኦቨን ውስጥ ከልክ በላይ ከቆየ ወይም ኮስቲክ ሶዳው ከበዛ ግን ያው ክሪስታል ይሟሟና ወደ ሶዳላይት ይዞራል። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ውጤትሽን፣ ክሪስታሉን በጨረር የሚለየውን ልኬት፣ እስቲ እንደገና እዪው። በመዳብ ጨረር ከሆነ የለካሽው፣ 7.2 ዲግሪ አካባቢ ያለው የዚዮላይት ኤ ፒክ (የመስመሩ ሹል ጫፍ) እያጠረ፣ 14 ዲግሪ አካባቢ ሌላ ፒክ ብቅ ይላል። የየናሙናውን የዲፍራክሽን መስመሮች በቆይታ ሰዓታቸው ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ደርድሪያቸው። ፖስተርሽ ይኸው ነው። ለውጡ መቼ እንደጀመረ የሚያሳይ ሥዕል፣ አንድ ንጹሕ ናሙና ብቻ ይዞ ከመቆም በጣም ይበልጣል።

«ሶዳላይቱ ምን ያህል ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ተዘጋጂ። ዚዮላይት ኤ ውስጥ የሶዲየሙን ቦታ ካልሲየም ሲይዝ ቀዳዳው ይሰፋል። ናይትሮጅኑን አጥብቆ ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ያሳልፋል። አየር ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ለይተው ለሕመምተኛ ኦክስጅን የሚሰጡ ማሽኖች ከሚሠሩባቸው ዚዮላይቶች አንዱ ይህ ነው። የሶዳላይት ቀዳዳ ግን ለናይትሮጅን አይበቃም። ስለዚህ የተቀላቀለውን ያህል የመያዝ አቅም ታጣለሽ። ለዚህ ነው ጥያቄው ተገቢ የሚሆነው፤ ሊያሳፍሩሽ ፈልገው እንዳይመስልሽ።

ሁሉም ነገር ጆርናል ላይ አለ ላልሽው፣ የለም። ጆርናል ላይ ሙቀቱና ሰዓቱ በአንድ መስመር ተጽፎ ያልቃል። ጄሉ ከመሞቁ በፊት ስንት ሰዓት ተቀመጠ? እየተማሰለ ነው ወይስ ዝም ብሎ? ካኦሊኑ ስንት ዲግሪ ላይ ተጠበሰ? ኳርትዝና ብረትስ ነበረው? ጄሉ የሚሞቅበት የቴፍሎን ዕቃ ከዚያ በፊት ምን ተሠርቶበታል? ይሄ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። ግድግዳው ላይ የቀረች ደቃቅ ክሪስታል ዘር ሆና ያልፈለግሽውን ነገር ታበቅልብሻለች። ዓለም አቀፉ የዚዮላይት ማኅበር ሌላ ላቦራቶሪ ደግሞ ሠርቶ ያረጋገጣቸውን የአሠራር ዘዴዎች ሰብስቦ እስከማሳተም የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለም አቀፉ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ከጀመረ ወዲህ በጣም ሰፍቷል፤ እዚያ ለአንድ ፖስተር ጊዜ ያለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቀጣናዊው አነስ ይላል። እኔ የምወደውም ለዚህ ነው። እንዳንቺው በካኦሊን የሚሠራ፣ እንዳንቺው መሣሪያ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፖስተርሽ አጠገብ ቆሞ ያወራሻል። ከዚያ በኋላም ናሙና ልከሽ የምታስለኪበት ላቦራቶሪ ታገኛለሽ።

በይ እንግዲህ፣ ፖስተሩ ላይ የሲሊካውን፣ የአሉሚናውን፣ የሶዳውንና የውሃውን ሬሾ ሙሉውን ጻፊ። የምክር ጥያቄሽን ደግሞ ለታወቁት ፕሮፌሰሮች ብቻ አታድርጊው። ኦቶክሌቩን፣ ማለትም የቴፍሎኑን ዕቃ የሚይዘውን ዝግ የብረት ዕቃ፣ በእጁ የሚከፍተውን የዶክትሬት ተማሪ ፈልጊና ቴፍሎኑን በምን እንደሚያጥበው ጠይቂው።