ሎሚውን ሰላጣ ላይ ጭመቂው፤ ከጅማ ቆጪ ሰፈር ለጠየቅሽው እህት

ሰላም እህቴ። «ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ የቆዳዬ ቀዳዳ ተደፍኗል፣ ጉንጬ ይቀላል፣ ፊቴ ወዝ አጥቷል፤ ቤት ውስጥ ምን ሠርቼ ልቀባ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው። አብዛኞቹ ሎሚ ይላሉ። ቁጭ ብዬ እንድጽፍልሽ ያደረገኝ እሱ ነው። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። የነገርሽንን ፊት ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ተሸክሜው ዞሬያለሁ።

በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ሎሚ ፊትሽ አጠገብ አይድረስ።

የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የቡና አተላ፣ ማርና ሎሚ ቀላቀልኩ። ቡና እኛ ቤት መቼም አይጠፋም። ማሩ በማሯ ከምትታወቀው ከገራ ወረዳ የመጣ ነው፤ እሱን ለፊቴ ማዋሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አክስቴ ደግሞ «ጤና አዳም ጨፍልቀሽ ጨምሪበት፣ ቆዳ ያጠራል» አለችኝ። ጨመርኩ። ፊቴን እንደ ድስት ፈተግኩት። ታጠብኩና ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ገበያው እንደምታውቂው ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ለሰርጉ ጨርቅ እያማረጥኩ ስዞር ዋልኩ።

ዓርብ ምንም የለም። እንዲያውም ለሰለሰልኝ ብዬ መስታወት ፊት ተመላለስኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጉንጬ ተቃጥሎ ተነሳሁ። አንገቴ ላይ ጭማቂው የወረደበት መስመር ሳይቀር ተስሏል። ሁለት ቀን ስላለፈ ሎሚውን አልጠረጠርኩትም። የገበያውን አቧራ ጠረጠርኩ። የጎረቤቴን ሳሙና ጠረጠርኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? «ፊቴ ተቆጥቷል፣ ላጽዳው» ብዬ እሑድ በዚያው ውህድ ደግሜ ፈተግኩት።

በኋላ ነው የገባኝ። ሎሚም ጤና አዳምም ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አላቸው። ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ክፋቱ ወዲያው አለመምጣቱ ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ሲድን ደግሞ ጥቁር ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። የኔ ሰባት ወር ፈጀ። የሰርጉ ፎቶ ላይ በሻሽ ተሸፍኜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጨዋ ሆኜ የመሰላቸው ዘመዶች ሁሉ አመሰገኑኝ።

ጸሐዩ ባይኖርስ? ያኔም አይሆንም። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። የሎሚ 2 ገደማ ነው፣ የፊት ቆዳ 5 አካባቢ። ሲያቃጥል «እየሠራ ነው» የሚሉሽን አትስሚ።

አተላውንም ተዪው። አንቺም እንደኔ ቀዳዳው ተደፈነ ብለሽ በየቀኑ እየፈተግሽው ይሆናል። ጉንጭሽ የሚቀላው ከዚያ ነው። እኔ ለሦስት ሳምንት ሁሉንም አቁሜ በለስላሳ ሳሙና ብቻ ስታጠብ፣ ምንም ሳልቀባ መቅላቱ ግማሽ ሄደ። እልህ ያስይዛል፤ ያን ሁሉ ስደክም መቅላቱን ያመጣሁት እኔው ነበርኩ።

2. ሚዛን ያስፈልግሻል፤ በማንኪያ አይለካም።

ኋላ ላይ ኒያሲናማይድ የሚባለውን ዱቄት አገኘሁ። ቫይታሚን ቢ3 ነው። ቅባት ይቀንሳል፣ መቅላት ያበርዳል፣ የደበዘዘ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ወዝ ይመልሳል። ግን ማግኘቱ! ጅማ ስላጣሁት አውቶቡስ ተሳፍሬ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄድኩ። አዲስ አበባ አንድ ኬሚካል አስመጪ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ንግድ ፈቃድ» አለኝ። የለኝም አልኩት። «በርሜሉ 25 ኪሎ ነው፤ ስንት በርሜል?» አለ። መቶ ግራም፣ ለፊቴ ነው ስለው ጓደኛውን ጠርቶ «ና ስማ፣ ለፊቷ ነው» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን እንባዬ መጥቶ ነበር። አሁን ፊቴን ቢያየው ደስ ባለኝ።

ብቻ በሰው በሰው አንድ ትንሽ ሱቅ ተገኘና መቶ ግራም ገዛሁ፤ የታሸገ፣ ስሙና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት። ፌስታል ውስጥ ቀድተው የሚሰጡሽን ነጭ ዱቄት እንዳትቀበዪ። ነጭ ዱቄት ብዙ ነው።

የወጥ ቤት ሚዛን በሙሉ ግራም ነው የሚቆጥረው፤ 1 ግራም ላይ ይሳሳታል። መጀመሪያ መርካቶ ያሉ አንድ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይቺን ይመዝኑልኝ» ስላቸው ዱቄቱን አይተው ደነገጡ። ለፊት መሆኑን ሳስረዳቸው መዘኑልኝ፣ ሒሳብም አልተቀበሉኝም። በኋላ የራሴን ትንሽ ሚዛን ገዛሁ።

መቶ ግራም ሴረም፣ ማለትም ፊት ላይ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ፣ እንዲህ ይወጣል፦ 90 ግራም ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ፣ 5 ግራም ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን፣ 4 ግራም ኒያሲናማይድ፣ 1 ግራም ፌኖክሲኤታኖል ያለበት ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጠብቀው)። ማሞቅ አያስፈልግም፣ በማማሰል ይሟሟል። ውሃውን ለመኪና ባትሪ ከሚሸጡት ዘንድ እንዳትገዢ። እኔ ልገዛ የሄድኩበት ቦታ ከባትሪ አሲዱ ጋር በአንድ ዓይነት ጀሪካን ተደርድሮ ነው ያገኘሁት። ደግሞ «ትንሽ ሎሚ ጠብ ላድርግበት» እንዳትዪ። ኒያሲናማይድ በጣም አሲድ በሆነ ነገር ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደ ኒያሲን ይለወጣል፤ እሱ ደግሞ ራሱ ፊት ያቀላል።

ፕሪዘርቫቲቩን «ኬሚካል ነው» ብዬ የተውኩት ጊዜ በዘጠነኛው ቀን ጠርሙሱ እንደ ተልባ ውሃ ተጎተተ። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ባክቴሪያ ያፈራል፤ ሲሸት ብቻ አይደለም የተበላሸው። እኔ አሁንም በትንሽ በትንሹ ነው የምሠራው፣ ፍሪጅ አስቀምጬ በወር እጨርሳለሁ። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ውስጡን ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ለውጡ የታየኝ ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ነው።

3. ግንባርሽ... ቅቤ ትቀቢያለሽ አይደል? ፀጉር ላይ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀብቼ በሻሽ አስሬ ነበር የማድረው። ቅቤው ቀልጦ ግንባሬ ላይ ይወርድና ያድራል፣ ከፀጉሬ ሥር ጀምሮ ጥቃቅን ብጉር ይደረድራል። ቅቤውን አልተውኩም፤ እናቴ ትገድለኛለች። ግንባሬን ታጥቤ እተኛለሁ፣ የትራስ ልብሱን እቀይራለሁ። የኮኮናት ዘይትም ለፀጉር እንጂ ለፊት አይሁን፣ ቀዳዳ ይደፍናል።

ቀዳዳው ተደፍኖ ለሚወጣው ጥቁር ነጥብ የሚሆነው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ እሱን ግን ቤት አትሥሪው። ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ፊትሽ ላይ አንድ ቦታ ብቻውን ይጠራቀማል። 2 በመቶ ያለበትን ከፋርማሲ ግዢ፣ በሳምንት ሁለት ማታ ይበቃል። ሰንስክሪንም (የፀሐይ መከላከያው ክሬም) እንደዚያው፤ የሚገዛ እንጂ የሚቀላቀል ነገር አይደለም። ጅማ ሁሌ ደመና ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ደመናው አልትራቫዮሌቱን፣ ቆዳ የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር፣ ያሳልፋል፣ ከተማችንም ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት።

አንድ ጓደኛሽ «ሚክስ» ብላ ስም የሌለው ክሬም ብትሰጥሽ አትንኪው። ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል፣ ያለ ሐኪም የማይቀቡት ኃይለኛ መድኃኒት ይገኛል። በሳምንት ያበራሻል፣ ስታቆሚ ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። ያንን ቀድመሽ ተቀብተሽ ከሆነ ወይም ትኩስ ነገር በጠጣሽ ቁጥር ፊትሽ የሚነድ ከሆነ እኔን ትተሽ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ሚዛን ለመግዛት አትቸኩዪ፣ የኔ አለ። ሐሙስ ገበያ ስትወጪ ዱቄትሽን ይዘሽ ነይ፤ ቡና አፈላለሁ። ጤና አዳሙም አለ፣ ሲኒው ውስጥ።