እኔን ያቃጠለችኝ «ሴቭ» የምትለዋ ቁልፍ ናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የሸማ ሥራ ብሎግ ልትጀምሪ ነው። ያለሽ 4 ጂቢ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕና ስልክሽ ብቻ ነው። «ለፎቶ ማስተካከያ የትኛው ቀላል ነው? ፎቶሾፕ መማር የግድ ነው ወይ?» ብለሻል። የግድ አይደለም። የመለሱልሽ ሰዎች የፕሮግራም ስም ደርድረው ስላለፉ ነው ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት። እኔ የባህል ምግብ ብሎግ የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ ያንቺኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ማንም ነገሬ ብሎ አልመለሰልኝም። ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

1ኛ፦ ፎቶሾፕ ጫኑልኝ ብለሽ ኮምፒውተር ቤት እንዳትሄጂ። እኔ ሄጄ 500 ብር ከፍያለሁ። የጫኑልኝ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይገዛ መቆለፊያው የተሰበረ ነው። እሱ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ልጬ እጨርስ ነበር። ላፕቶፑ በሳምንቱ መንቀራፈፍ ሲጀምር መልሼ ወሰድኩላቸው። «ያልሽውን ጭነንልሻል፣ ሌላው አይመለከተንም» አሉኝ። ለብሎግ ፎቶ የሚያስፈልግሽ መቁረጥ፣ ማሳነስ፣ ብርሃንና ቀለም ማስተካከል፣ አልፎ አልፎ ጽሑፍ መጨመር ነው። ለዚህ ያን የሚያህል ነገር መሸከም የለብሽም።

2ኛ፦ ላፕቶፑ ላይ ኢርፋንቪውን ጫኚ። በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ ያለ የፎቶ ማያና ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። የሠራው ኢርፋን ሽኪልያን የሚባል ቦስኒያዊ ነው። ጥቂት ኤምቢ ብቻ ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ወዲያው ይከፈታል። ለግል ጥቅም ነፃ ነው። በብሎጉ ገንዘብ መሥራት ስትጀምሪ ግን ፈቃዱን መግዛት ይጠበቅብሻል፣ እኔም ገዝቻለሁ።

3ኛ፦ ፕሮግራም ስትመርጪ መጀመሪያ የምታጣሪው «ዋናውን ፎቶ ምን ያደርገዋል?» የሚለውን ነው። ይህን ለማስረዳት የደረሰብኝን መናገር አለብኝ።

በ2011 ለዘመን መለወጫ ደብረ ብርሃን አያቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ድፎ ዳቦ ስትጋግር ሊጡ ከሚቦካበት ጀምሮ 64 ፎቶ አነሳሁ። ማለዳ ነው። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሚስማር የበሳው ቀዳዳ ነበረው። በዚያች ቀዳዳ የገባው ብርሃን ጭሱን ሰንጥቆ መጥቶ እጇ ላይ ያርፋል። የኮባ ቅጠሉን ምጣዱ ላይ ዘርግታ፣ ሊጡን ገልብጣ፣ ጠርዙን ስታጥፍ ጣቶቿ መሃል የቀረው ሊጥ ሳይቀር ይታያል። እንደዚያ ያለ ፎቶ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አንስቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ብሎጉ ላይ ልጭን ስል አንዱ ፎቶ ብቻ 4 ኤምቢ ሆነ። አሥሩን አንድ ላይ ብታወጪ አንባቢሽ ከገዛው ዳታ ላይ 40 ኤምቢ በላሽበት ማለት ነው። ስለዚህ ማሳነሴ ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት አሠራሩ ላይ ነው። በዊንዶውስ ፔይንት ከፈትኩ። ሪሳይዝ፣ ወርዱ 640 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች)። ኮንትሮል ኤስ፣ ማለትም ሴቭ። ቀጣዩ። ሪሳይዝ፣ 640፣ ኮንትሮል ኤስ። ሁለት ሌሊት ሠርቼ 64ቱንም ጨረስኩ። ፔይንት ትንሹን ፎቶ በትልቁ ላይ ደርቦ ያስቀምጠዋል፤ ትልቁ በዚያው ሄደ። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር እዚያ ያሉትንም ቀድሜ አጥፍቻቸዋለሁ። ያኔ የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ስክሪን ላይ ቆንጆ ነበሩ።

አያቴ በ2013 አረፈች። በዓመቱ አንድ ድርጅት ብሎጌን አይቶ ደወለልኝ። ለቀን መቁጠሪያ 12 ፎቶ በ24,000 ብር ሊገዛኝ ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ፎቶዎቹን በፍላሽ ይዤ እነሱ ወዳሉኝ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ዲዛይነሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የአያቴን ፎቶ ከፈተና እየጎተተ አሳደገው፣ አሳደገው። ጣቶቿ የካሬ ክምር ሆኑ። ከዚያ ስክሪኑን ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች አዙሮ «ይሄ ፎቶ ነው ቴምብር?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። የሟች አያቴ እጅ ነው እኮ! ሰው ሥራውን ያውቃል ማለት ሰው ፊት ያዋርዳል ማለት አይደለም። ሁለት ደቂቃ ወስዶ ቢያስረዳኝ ምን ነበረበት?

ሒሳቡን ቤቴ ሄጄ ራሴ ነው የተማርኩት። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈለጋል። 640ን ለ300 ብታካፍዪው ሁለት ኢንች ከትንሽ ነው፣ በሴንቲሜትር 5.4። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። የኤ4 ገጽ ለመሙላት 2,480 በ3,508 ፒክስል ያስፈልግሻል። ስልኬ ያነሳው 4,000 በ3,000 ነበር። ይበቃኝ ነበር፣ ይተርፈኝም ነበር።

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራምም ሞከርኩ። እሱ የተሰረዘን ሊመልስ ይችላል፣ ሌላ የተደረበበትን ግን ከየት ያመጣዋል? ሥራውም ለሌላ ሰው ሄደ። የዳንኩት ሪያድ ባለችው የአክስቴ ልጅ ነው። እሷ አሳትማ ልትሰቅል ስለፈለገች 9ኙን በቴሌግራም እንደ ፋይል ልኬላት ነበር። እንደ ፎቶ ብልክላት ቴሌግራም ራሱ ያሳንሳቸው ነበር። ስልኳን ፈትሻ 9ኙንም መልሳ ላከችልኝ። የኮባ ቅጠሉ ፎቶ ከነሱ አንዱ ነው። 55ቱ ግን ቀሩ።

እና እህቴ፣ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ፎልደር አለኝ። አንዱ «ዋና» ይባላል፣ ሁለተኛው «ለብሎግ»። ፎቶ ከስልክ በኬብል ወደ «ዋና» ይገባል፣ እዚያ ያለውን ማንም አይነካውም። ኢርፋንቪውን ከፍቼ ቢ የምትለዋን ፊደል እጫናለሁ፣ ብዙ ፎቶ በአንዴ የሚሠራበት መስኮት ይመጣል። ረጅሙ ጎን 1,200 ፒክስል፣ ጥራቱ 80፣ ማስቀመጫው «ለብሎግ» ብዬ አዘዋለሁ። የ4 ኤምቢው ፎቶ ወደ 200 ኬቢ አካባቢ ይወርዳል። ሁለት ሌሊት የፈጀብኝ ሥራ አሁን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ደግሞ ከፍተሽ ባስቀመጥሽው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ጥራት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ማስተካከል ከፈለግሽ ሁልጊዜ ከ«ዋና» ጀምሪ።

እዚያው ኢርፋንቪው ሲያስቀምጥ ኤግዚፍ የሚባለውን መረጃ ይያዝ ወይስ ይተው ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። ምልክቱን አንሺው። ስልክሽ ሎኬሽን በርቶ ካነሳሽ ፎቶው ውስጥ ቤትሽ ያለበት ቦታ ይመዘገባል። አንቺም እንደኔ ቤትሽ ነው የምትሠሪው ብዬ ነው።

ስልክ ላይ ስናፕሲድ ይበቃሻል። የጉግል ነው፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ፎቶሽ ላይ የራሱን ስም አይለጥፍም። ላንቺ ሥራ የነጭ ቀለም ማስተካከያውን ልመጂ። አምፖል ሥር ያነሳሽው ነጠላ ቢጫ ይሆናል፣ የጥለቱም ቀለም ይለወጣል፣ ደንበኛ ደግሞ «ያሳየሽኝ ይሄን አይደለም» ይላል። የመድኃኒት ማንጠብጠቢያ የምትመስለዋን ምልክት ነጩ ጥጥ ላይ አሳርፊያት፣ ሌላውን ራሱ ያስተካክለዋል። እኔ በእንጀራ ነው የተማርኩት። ዝርዝር የሚያጎላው ላይ ግን እጅሽን ሰብስቢ፣ ያበዛሽ እንደሆነ ድሩና ማጉ ጆንያ ይመስላል።

ጽሑፍ መጨመር ከፈለግሽ ጊምፕ አለልሽ፣ እሱም ነፃ ነው። አማርኛ ስትጽፊ ባዶ ሳጥን ከመጣብሽ ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጊው። የድሮዎቹ የፓወር ግእዝ ፎንቶች ዩኒኮድ ስላልሆኑ ያስቸግሩሻል። ብዙ ሰው ጊምፕን የሚያማርረው ኮንትሮል ኤስ ስትጫኚ ጄፔጉን ትቶ በራሱ ዓይነት ሌላ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ነው። ጄፔግ ለማውጣት ኤክስፖርት ማለት አለብሽ። እኔ በዚህ አላማርርም። በ2011 ፔይንት ይህን ጠባይ ቢኖረው ኖሮ 55ቱ ፎቶ ዛሬ እጄ ላይ ነበር። ላፕቶፕሽ ጊምፕን ካንቀራፈፈው ፎቶፒ የሚባለውን በብሮውዘር ክፈቺው፣ የሚጫን ነገር የለውም።

ላፕቶፕሽ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት እዚሁ ሥር ጻፊልኝ። ኢርፋንቪው ለሁለቱም አለው፣ የትኛውን እንደምታወርጂ እነግርሻለሁ። እስከዚያው ዛሬ ማታ ምንም ነገር ከመክፈትሽ በፊት የሸማዎቹን ፎቶዎች እንዳሉ ፍላሽ ላይ ገልብጪያቸው።