«ኡርዱ አይደለም፣ ሳራይኪ ነው» አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሻርጃ ነው የምኖረው። የምሠራበት ቤት ሾፌር ፓኪስታናዊ ነው፤ ኮት ሚታን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው የመጣው። እኔ ኡርዱ ትንሽ ትንሽ ለምጃለሁ። አንድ ቀን «ቋንቋህን ቻልኩልህ» ስለው «እሱ የእኔ አይደለም፣ የእኔ ሳራይኪ ነው» አለኝ። ቅር አለው። ደግሞ «የድሮ ከተማችንን ወንዝ በልቷታል» ይላል። ሳራይኪ ምንድን ነው? ከተማስ እንዴት ይበላል?
(ከሻርጃ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዱባይ፣ አል ቁዝ ሌበር ካምፕ የነበረችው ክፍላችን ትዝ አለችኝ። ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ የቻችራን ሰው ነበር። ቻችራን ከኮት ሚታን ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ፓኪስታኒው» እያልኩ ጠራሁት። ያገሩን ነገር የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሾፌሩ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። በፓኪስታን የ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ) የሕዝብ ቆጠራ ሳራይኪ ከ28 ሚሊዮን በላይ ተናጋሪ አለው። ለብቻው መቆጠር የጀመረው ግን በ1981 ነው። ድሮ በየቦታው ስሙ ይለያይ ነበር። ሙልታን ላይ ሙልታኒ፣ ባሃዋልፑር ላይ ሪያስቲ ይሉታል። ሁሉም ሳራይኪ በሚል አንድ ስም የተሰባሰበው በ1960ዎቹ ነው። ዛሬም «የፑንጃቢ ዘዬ ነው» የሚላቸው ሰው አይጠፋም፤ ያንገበግባቸዋል። እስቲ ሲያወራ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ኦሮምኛ ከሰማሽ «ዻ» ሲባል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እንደሚል ታውቂያለሽ። ሳራይኪ እንደዚያ ያሉ አራት ድምፆች አሉት። ኡርዱ አንድም የለውም።

አሁን ወደ ወንዙ። ኮት ሚታን በራጃንፑር ዲስትሪክት፣ በኢንደስ ወንዝ ምዕራብ ዳር ያለች ናት። የፑንጃብ አምስቱ ወንዞች ፓንጅናድ በሚባለው ላይ አንድ ሆነው እዚያው አጠገቧ ኢንደስ ውስጥ ይገባሉ። መሬቱ ደለል ነው፤ የሚይዘው ዓለት የለም። ወንዙ መንገዱን ሲቀይር ዳሩን እየገመሰ ይወስደዋል። አሮጌዋን ኮት ሚታን በ1860ዎቹ የወሰዳት እንደዚህ ነው። ሰዉ ከወንዙ ራቅ ብሎ አዲስ ከተማ ሠራ። ወንዙ ግን አልተዋቸውም፤ የ2010ሩ ጎርፍ አካባቢውን አጥለቅልቆታል። በ2022 ደግሞ ውሃው ከሱሌይማን ተራሮች በኩል፣ ከጀርባቸው መጣ።

የከተማዋ ልብ የኽዋጃ ጉላም ፋሪድ መቃብር ነው። የሱፊ መምህርና ባለቅኔ ናቸው፤ በ1901 ነው ያረፉት። የተወለዱት ቻችራን፣ የተቀበሩት ኮት ሚታን ነው። ቤተሰቡ ወደ ማዶ የተሻገረው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች አገሩን ይገዙ በነበረበት ዘመን ነበር። እሳቸው ብዙ ዓመት ሮሂ በሚባለው በረሃ ኖረዋል። ግጥሞቻቸው ካፊ ይባላሉ። ዝናብ፣ እረኞች፣ የበረሃ ሴቶች አሉበት። ፒሉ የምትባል ፍሬ ስትበስል አብሮ ስለመልቀም የገጠሙትን ሳራይኪ ሆኖ የማያውቀው የለም። የፒሉ ዛፍ፣ ሻርጃ መስጊድ ደጃፍ የሚሸጠው የጥርስ መፋቂያ፣ ሲዋክ፣ የሚቆረጥበት ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ያ ልጅ ሐሙስ ማታ ማታ፣ ነገ ዕረፍት ነው ብለን ስንተኛ፣ ከላዬ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካፊ ይዘፍን ነበር። ማንም ዝም በል ብሎት አያውቅም።

እንደነገረኝ፣ በልጅነቱ ለዓመታዊው ክብረ በዓል ከእናቱ ጋር ወደ መቃብሩ ይሻገር ነበር። ውሃው ሲጎድል ጀልባዎች ተደርድረው በላያቸው ድልድይ ይዘረጋል። በበጋው ሙቀት የተራራው በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ድልድዩ ይነሣል። ያኔ መርከብ ነው። «የኢንደስ ንግሥት» የምትባለዋ መርከብ ናዋብ የሚባሉት የባሃዋልፑር ገዢዎች ነበረች፤ በኋላ ሕዝብ ታሻግር ነበር። ዛሬ ኮት ሚታን አጠገብ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣ ትዝጋለች። በዚህ በጣም አዝናለሁ። አሁን የኮንክሪት ድልድይ አለ፤ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። በዚያ አካባቢ ከተሞች እስከ 1947 ንግዱ በአብዛኛው በሂንዱዎች እጅ ነበር። ያን ዓመት አገሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል ወደ ሕንድ ሄዱ። ዴልሂ ውስጥ ዛሬም ዴራዋል ናጋር የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ የዚያው አካባቢ ከተሞች ከሆኑት ከነዴራ ጋዚ ኻን የመጣ ነው።

እህቴ፣ ነገ ስታገኚው «ሳኢን» በዪው፤ የአክብሮት መጥሪያቸው ነው። ከዚያ ድልድዩ ሳይሠራ በምን ይሻገሩ እንደነበር ጠይቂው። ሻይ ይዘሽ ሂጂ፤ ቶሎ አይጨርስም።